ስመኝ የረጋችበት ዓመት

በሁለት ሺህ ሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት በአዲስ አበባ ካሉ የሦስተኛ ክፍል ተማሪዎች ሁሉ አንደኛ የወጣችው ልጅ ሰባት በሦስት ሲባዛ ስንት እንደሚሆን አታውቅም ነበር። ይህን ጉድ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ልጅቷና እናቷ። ትምህርት ቤቱ አላወቀም። ምን ብሎ ይወቅ፣ ጠይቋት ያውቃል እንዴ!

ልጅ መፈተን ከቀረ ሃያ ዓመት ሆኖታል። ልጅ ይለካል። ጠዋት ፊቱን ታጥቦ፣ ቁርሱን ቀማምሶ፣ ሁለት ጣት የምትሰፋ ግራጫ ጥምጥም ግንባሩ ላይ ያስራል። ጥምጥሟ አንጎሉ ውስጥ የሚመላለሰውን ሞገድ እየለቀመች ቀኑን ሙሉ ለእርጋታ ቢሮ ትልካለች። ቢሮው «አክሊል» ይላታል። ሶልያና፣ የስመኝ እናት፣ «ልጓም» ትላታለች። አክሊል ቀን ከራስ የሚወርደው ለገላ መታጠቢያ ብቻ ነው፤ ያውም ከአሥር ደቂቃ ካለፈ ስልክ ይደወላል። በየሳምንቱ መጨረሻ ልጁ ከሦስት ቦታ ባንዱ ይመደባል፦ «የረጉ»፣ «በመርጋት ላይ ያሉ»፣ «ያልረጉ»። የረጉት ፊት ለፊት ባለው የመስታወት ሕንፃ ይማራሉ፤ ያልረጉት ከመጸዳጃው ጀርባ፣ ቆርቆሮ ክፍል ውስጥ። የትምህርት ቤቱ በር ላይ በትልልቁ «የረጋ ወተት ቅቤ ይወጣዋል» ተብሎ ተጽፏል። ይህን ያስጻፈው ሰው በዕድሜው ቅቤ ሲወጣ አይቶ እንደማያውቅ ሶልያና በዚያ ባለፈች ቁጥር ትምላለች። ወተት ስለረጋ ብቻ ቅቤ ሰጥቶ አያውቅም፤ ይናጣል እንጂ።

ሶልያና የሽንኩርት ደላላ ናት። ላፍቶ አትክልት ገበያ ውስጥ አሥራ ስድስት ዓመት ቆማለች። ሾፌር የሌላቸው ካሚዮኖች ሽንኩርቱን ያራግፋሉ፤ ማሽን ይመዝነዋል፤ ማሽን ደረጃ ያወጣለታል። ከዚያ በኋላ ገዢም ሻጭም ማሽኑን ትተው ወደ እሷ ይመጣሉ። ማሽኑ የሚያየው ልጣጩን ነዋ! እሷ አንዷን ፍሬ ታነሳለች፣ በአውራ ጣቷ ጫን ታደርጋለች፣ «ይሄ ልቡ ሄዷል፤ ሐሙስን አያልፍም» ትላለች። ሐሙስን አያልፍም። አፏ ቢላ ነው ይሏታል፤ እሷም አልካደችም። ባሏ የጂቡቲ ባቡር ተቆጣጣሪ ነው፤ በወር ሁለቴ ይመጣል፣ ሲመጣም ይተኛል። ስለዚህ ልጅ የማሳደጉ ነገር የእሷ ነው።

የልጅቷ ስም አያስገርም። ስም እንደ ቀሚስ ዞሮ ይመጣል። በሶልያና ጊዜ ሕፃን ሁሉ ሶልያና፣ ኤልዳና፣ ያፌት ነበር፤ አሁን እነዚያ ሕፃናት እትዬና አቶ ሆነው ልጆቻቸውን ስመኝ፣ አስካለ፣ ዘነበች እያሉ ይጠራሉ።

የስመኝ ነገር እንዲህ ነው። እራት ላይ «እማ፣ እንቆቅልሽ» ትላለች። እናት «ምን አውቅልሽ» ትላለች። «ልብሷን ባወልቅላት...» ብላ ትጀምራለች ልጅቷ፤ እዚያ ላይ ትቆማለች። ዓይኗ እንደተከፈተ ይቀራል። ሽፋሽፍቷ ቶሎ ቶሎ ይርገበገባል፣ አንዳንዴ ከንፈሯ የሌለ ነገር ያላምጣል። አሥር ሰከንድ፣ ቢበዛ አሥራ አራት። ስትመለስ እንቆቅልሹ የለም። የያዘችውን ጉርሻ ወደ አፏ ታደርሳለች፤ ጠያቂም ተጠያቂም እንዳልነበረ። ይህ በቀን ሰማንያ ጊዜ ይሆናል። ያቺ እንቆቅልሽ አንድ ዓመት ሙሉ ተጀመረች እንጂ አልተጨረሰችም። የማባዛት ሰንጠረዡም፣ ፊደሉም፣ የመምህሩ ነገርም እንደዚያው በየመሃሉ እየተቦደሰ ነው የሚደርሳት።

ሶልያና ይህን ነገር ከማንም በላይ ታውቀዋለች፤ የራሷ ነበራ። በስምንት ዓመቷ መምህሯ «ፈዛዛ» እያለ ጣቷን በማስመሪያ ገርፏታል። የክፍል ልጆች «ሶሊ ጠፋች» እያሉ ስቀውባታል። አክስቷ ከጠበል ጠበል አንከራትታታለች። በመጨረሻ አንድ ሐኪም ራሷ ላይ ሽቦ ለጣጥፎ ወረቀት ካነበበ በኋላ የሚጥል በሽታ ዘመድ ነው፣ ይሄኛው አይጥልም፣ ሰውን ለጥቂት ሰከንድ ከራሱ ይነጥቃል እንጂ፣ ብሎ ለዘመዶቿ አስረዳ። እንክብል ሰጣት። ሦስት ዓመት ዋጠች፣ ለቀቃት፣ አልተመለሰም። ነገሩ ይኸው ነው። ያኔ ያስገረፋት ነገር ነው ዛሬ ልጇን የሚያሸልማት።

የሚያሸልማትም እንዲህ ነው። የሌላ ልጅ አንጎል ሞገድ እንደ ቅዳሜ ገበያ ነው፤ ይሄ ይመጣል፣ ያ ይሄዳል፣ ሁሉም በየፊናው ይጮኻል። የስመኝ ግን በእነዚያ አሥር ሰከንዶች ከዳር እስከ ዳር አንድ ላይ ይነሳል፣ አንድ ላይ ይወድቃል፤ በሰከንድ ሦስት ጊዜ፣ እኩል በእኩል፣ ትልልቅ ሆኖ። ቢሮው እንዲህ ያለ ሥርዓት በዕድሜው አይቶ አያውቅም። ሰልፍ የሚወድ ሰው ሰልፍ ሲያይ ምን ያደርጋል? አጨበጨበ። ስመኝ ትምህርት በጀመረች በሁለተኛው ሳምንት «እንኳን ደስ አለዎት» የሚል መልእክት መጣ፤ ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ይመጣል።

በግንቦት ስመኝ ባቡር ጣቢያው ውስጥ ተንቀሳቃሹ ደረጃ ላይ ቆማ ሳለ ጠፋች። ደረጃው አለቀ፤ እሷ አልተራመደችም። በአገጯ ወደቀች፣ ሦስት ቦታ ተሰፋች። ሶልያና የልጇን ደም በነጠላዋ እየጠረገች ክሊኒክ ስትሮጥ ከቢሮው መልእክት ገባላት። ልጅዎ በወደቀችበት ቅጽበት የነበራት እርጋታ በከተማው ታሪክ ተወዳዳሪ የለውም ይላል። በሳምንቱ ስመኝ አገጯ ላይ ፋሻ ለጥፋ የተነሳችው ፎቶ በየጣቢያው ተሰቀለ፤ «ወድቃም የረጋች» ተብሎ። ሶልያና ያንን ፎቶ ባየች ቁጥር ምራቋን ትተፋለች።

የሰኔ መዝጊያ ላይ ደግሞ መድረክ ላይ አወጧት። ቃለ መሐላ ልታነብ ነው። «እኛ የነገ ተስፋዎች፣ በእርጋታችን...» አለችና ጠፋች። ሶልያና ከወላጆች መሃል ሆና በሆዷ ቆጠረች፤ አሥራ አራት ደረሰች። ሁለት ሺህ ተማሪ ትንፋሹን ውጦ ቆመ። መምህራኑ ዓይናቸውን ጨፈኑ። የትምህርት ቤቱ የእርጋታ ኃላፊ አቶ ያፌት እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። አንዲት እናት ደስታ አሸንፏት አለቀሰች። ልጅቷ ስትመለስ መጀመሪያ ወረቀቱን አየች፣ ከዚያ ሕዝቡን አየች፣ ከዚያም ማይክሮፎኑ ላይ ጥርት ባለ ድምፅ «የት ደርሼ ነበር?» ብላ ጠየቀች። ጭብጨባው ዋጠው፤ የሰማት እናቷ ብቻ ናት።

ዜናው የተነገረው እዚያው መድረክ ላይ ነው። ስመኝ ከመስከረም ጀምሮ ተራራው ላይ ወዳለው ብሔራዊ የእርጋታ ማዕከል ትገባለች። አዳሪ ሆና። ባለሙያዎቹ ልጅቷ አጥብቃና አፍጥና ስትተነፍስ እርጋታዋ እንደሚጨምር ደርሰውበታል፤ በዚህ ዘዴ በቀን ሰማንያ የነበረውን ወደ ሦስት መቶ ያደርሱታል። ወላጅ በዓመት ሁለቴ ይጠይቃል። ሶልያና ሰማንያው ከልጇ ላይ ምን ያህል ቀን እንደሚበላ ታውቃለች፤ ከሦስት መቶው በኋላ ምን እንደሚተርፍ ማሰብ አልቻለችም።

ሕዝቡ ሳይበተን አቶ ያፌት ዘንድ ሄደች። ሰውየው ጢሙን የተላጨ፣ ሽቶ የተቀባ፣ ድምፁ እንደ ሊፍት ማስታወቂያ ለስላሳ ነው።

«አቶ ያፌት፣ ልጄ ታማለች። እርጋታ የምትሉት በሽታ ነው። እኔም ነበረብኝ፤ በመድኃኒት ነው የዳንኩት» አለችው።

አቶ ያፌት ፈገግ ብሎ በእጁ የያዘውን ሰሌዳ ወደ እሷ አዞረ። ሞገዱ ተደርድሯል፤ ሹል፣ ጉብታ፣ ሹል፣ ጉብታ።

«እናት ስለሆኑ ይሠጋሉ፤ ይገባኛል። ግን ይመልከቱት እስቲ፤ የታመመ አንጎል እንዲህ ያምራል?»

«ላዩ ያማረ ሽንኩርት ሁሉ ልቡ ደህና ቢሆን ኖሮ እኔ ሥራ ፈት ነበርኩ። ሰባት በሦስት ስንት እንደሆነ ይጠይቋትና እስቲ ትመልስልዎት።»

ሰውየው ከልቡ ደነገጠ። ሕፃንን በጥያቄ ማስጨነቅ የጨለማው ዘመን አሠራር እንደሆነ፣ በሕግም የተከለከለ እንደሆነ፣ ይህንንም ለሌላ ሰው እንዳትደግመው በትሕትና አስጠነቀቃት። ከዚያ ከስመኝ ጋር ፎቶ ተነሳ።

ሰፈሩ ደግሞ ባሰ። ጎረቤቷ እትዬ ኤልዳና በማግሥቱ ጠዋት በሯን አንኳክታ ገባችና ልጅቷን ምን እያበላች እንዳሳደገቻት ጠየቀቻት። አብሽ ነው? ተልባ ነው? በእርግዝና ጊዜ ምን ትወድ ነበር? እትዬ ኤልዳና አስካለ የምትባል፣ ስትስቅ ሁለት ቤት አልፎ የሚሰማ ልጅ አለቻት። ግድግዳ ላይ ምስማር መትታ ልጅቷን በቀን ሁለት ሰዓት ምስማሩ ላይ ታስፈጥጣታለች፤ ዓይኗን ከጨፈነች ከመጀመሪያው ነው። አስካለም እያደር መሳቁን ተወች። እትዬ ኤልዳና ይህን የምታወራው በኩራት ነው። ወሬው ሲዳረስ ፎቁ ሁሉ ምስማር መታ፤ ያን ሰሞን ግድግዳ የማይቀጠቀጥበት ቤት አልነበረም። ሶልያና እውነቱን ስትነግራት እትዬ ኤልዳና አልሰማቻትም፤ ምስጢሯን መደበቋ ነው ብላ አኩርፋ ወጣች።

ሶልያና ልጇን ይዛ ሳሪስ ሄደች። ያ የጥንቱ ሐኪም፣ ዶክተር ቃልአብ፣ ሰማንያ ዓመት ሆኗቸው ከጫማ ቤት በላይ አንዲት ክፍል ውስጥ አሉ። በዚህ ዘመን ሐኪም መድኃኒት አያዝዝም። ማሽን ያዝዛል፣ ሐኪም ይፈርማል። የሚመጣላቸው ሰው ስለሌለ ቀኑን ሙሉ ጋዜጣ ሲያነቡ ይውላሉ፤ ሶልያናን ግን ከነስሟ አወቋት።

ጥያቄም አላበዙ። አንዲት ወረቀት በክር አንጠልጥለው ስመኝ ፊት ያዙና ሳታቋርጥ እፍ እንድትል ነገሯት። ወረቀቷ እየተርገበገበች ሁለት ደቂቃ ቆየች። ከዚያ ቀጥ አለች። ልጅቷም ቀጥ አለች፤ ዓይኗ ተከፍቶ፣ ሽፋሽፍቷ እየተርገበገበ። ዶክተር ቃልአብ ስሟን ጠሯት፣ አልሰማችም። «ቀይ ሎሚ» የሚል ቃል ነገሯት። ስትመለስ ምን እንዳሏት ጠየቋት፤ ምንም አላሉኝም አለች።

«ያንቺው ነው» አሉ ሽማግሌው። «በዚያች አሥር ሰከንድ አንጎሏ በሙሉ አንድ ከበሮ ይመታል። ሁሉም ከበሮ መቺ ከሆነ የሚሰማ ከየት ይምጣ? የልጅ ነው፤ አብዛኞቹን ሲያድጉ ይተዋቸዋል፣ እንክብሉ ደግሞ እስከዚያው ይይዘዋል።»

«ይጻፉልኛ ታዲያ።»

«መድኃኒቱ እርጋታ ቀናሽ ተብሎ ተመዝግቧል። ለረጋ ልጅ ከጻፍኩ እኔን ፈቃዴን፣ አንቺን ልጅሽን ይነጥቁናል።»

«ላልረጉትስ?»

ዶክተር ቃልአብ ጥርስ በሌለው አፋቸው ሳቁ። «ላልረጉት የአይጥ መርዝ ብጽፍ ማን ይጠይቀኛል ብለሽ ነው!»

ሶልያና ከዚያ ደረጃ ስትወርድ ከሰኔ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀለል አላት። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ሥራዋ የዕቃን ደረጃ ከፍና ዝቅ ማስደረግ ነው። አንደኛ ደረጃውን ሦስተኛ ማስባል ያቅታት ይሆን?

ሐምሌ አንድ ቀን፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ ልጅቷ ገላዋን ልትታጠብ ስትገባ ሶልያና አክሊሏን ከግንባሯ ፈትታ በራሷ ግንባር ላይ አሰረች። በላዩ ሻሿን ጠመጠመች። ለሰው ዓይን ደግሞ ከባሏ የድሮ ሱሪ ጠርዝ አንድ ግራጫ ጨርቅ ቆርጣ ሰፍታ ለስመኝ አሰረችላት። ከዚያ ልጇን በእጇ፣ የልጇን አክሊል በራሷ ይዛ ገበያ ወረደች። አክሊሉ የማን ራስ ላይ እንዳለ አይጠይቅም። ቢሮውም አይጠይቅም፤ ለቢሮው ልጅ ማለት አክሊሉ የሚልከው ነገር ነው።

እንግዲህ የሶልያናን ጭንቅላት አስቡት። ባንድ ጆሮ የመቂ ነጋዴ፣ ባንድ ጆሮ የሆቴል ገዢ፣ ከኋላ ተሸካሚ «ዞር በይ» ይላል፣ ከፊት ካሚዮኑ ይጮኻል፣ እሷ ደግሞ ሦስቱን ትሰድባለች፣ አራተኛውን ታባብላለች፣ ዓይኗ ስመኝ ላይ ነው። በመጀመሪያው ቀን ማታ መልእክት መጣ፤ ልጅዎ ዛሬ ትንሽ ተረብሻለች፣ ለስለስ ያለ ሙዚቃ ያሰሟት ይላል። በሳምንቱ ልጅዎ ከማን ጋር ነው የምትውለው የሚል መጣ። ነሐሴ ሲገባ ቢሮው ልጅቷ የስድብ ቃላት እያሰበች ሊሆን እንደሚችል ያለውን ሥጋት በአክብሮት ገለጸ። ሶልያና ይህንን ለተሸካሚዎቹ ጮክ ብላ አነበበችላቸው፤ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

በነሐሴ መጨረሻ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ አቶ ያፌት ሳይጠራ ቤቷ መጣ። ሶልያና ገና ከገበያ መግባቷ ነው፤ አክሊሉ ከሻሿ ስር እንዳለ ነው። ሰውየው ሻሿን ገለጥ አድርጎ ቢያይ፣ ወይም የልጅቷን ግንባር ጠጋ ብሎ ቢያይ አለቀላቸው። የሱሪ ጠርዝ የሱሪ ጠርዝ ነው፤ ስፌቱ ይታያል። አቶ ያፌት ግን ተቀመጠ፣ ሰሌዳውን ጭኑ ላይ ዘረጋ፣ ዓይኑንም እዚያ ላይ ተከለ። የልጅቷን ፊት ያየው ገብቶ ሰላም ሲላት ብቻ ነው።

«ስመኝ፣ ምን ሆንሽብን? ያ ሁሉ ተስፋ የት ገባ?» አላት።

«ምንም አል...» አለችና ጠፋች።

ያው ዓይን፣ ያው ሽፋሽፍት፣ ያው አሥር ሰከንድ። ከሁለት ወር በፊት እጁን ደረቱ ላይ ያስጫነው ነገር ፊት ለፊቱ ቆሟል። አቶ ያፌት መልስ ጠበቀ። አልመጣም። ቀና ብሎ አያት፣ ፊቱ ጠቆረ።

«ትልቅ ሰው ሲያናግርሽ መልሺ እንጂ! ፈዛዛ!»

ሶልያና ያችን ቃል ስትሰማ ሃያ ስድስት ዓመት ወደ ኋላ ሄደች። ማስመሪያው ጣቷ ላይ ያረፈ መሰላት፤ ደሟ ፈላ። ያን ጊዜ የሰውየው ሰሌዳ ጮኸ። አቶ ያፌት ደንግጦ ተመለከተው፤ ከላይ እስከ ታች ቀይ ሆኗል። ልጅቷን አያት፤ እንደ ግንድ ቆማለች። ሰሌዳውን አየ፤ ይነዳል።

«ይኸው!» አለ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ። «ላይዋ እንዲህ ዝም፣ ውስጧ እንዲህ ሲናጥ! እንዲህ ያለች አታላይ ልጅ አይቼ አላውቅም። ወይዘሮ ሶልያና፣ ይህችን ልጅ በምን ነው ያሳደጉልን?»

በተናገረ ቁጥር እሷ ትናደዳለች፤ በተናደደች ቁጥር ሰሌዳው ይጮኻል፤ ሰሌዳው በጮኸ ቁጥር ሰውየው ልጅቷን ይቆጣል። ሶልያና ኋላ ደግሞ ሳቋ መጣ፤ ሳቋን ስታፍነው ሰሌዳው ከበፊቱ ብሶ ጮኸ። አቶ ያፌት ላቡን ጠርጎ «ያልረጉ፣ ለዘለቄታው» ብሎ ጻፈ፣ ማዕከሉንም ሰረዘው። በር ላይ ሲደርስ ግን አዘነላት። ተስፋ እንዳትቆርጥ፣ እግዜር ሌላ ልጅ ሊሰጣት እንደሚችል ነግሯት ሄደ። ሶልያና በሩን ዘግታ ስመኝን አቀፈቻት፤ ልጅቷም «እማ፣ ሰውየው ምን አለኝ?» ብላ ጠየቀቻት።

ሰኞ ዶክተር ቃልአብ በገዛ እጃቸው ጻፉ። ብዕር ከያዙ ቆይተው ኖሮ የመጀመሪያውን ወረቀት በቀለም አበላሹት። አክሊሉን ቢሮው ራሱ መጥቶ ወሰደ፤ ለዘለቄታው ያልረጉትን የሚለካቸው የለም፣ ባትሪ ማባከን ነው ይላሉ። በጳጉሜ ደግሞ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ደረሰ፤ ልጅዎ የነበራትን ልዩ ተሰጥኦ በማጣቷ ቢሮው የተሰማውን ጥልቅ ሐዘን ይገልጻል ይላል። ሶልያና በፍሬም አድርጋ ሳሎን ሰቀለችው። ለመስቀያ ምስማር አላጣችም፤ እትዬ ኤልዳና አንዱን ሰጠቻት፣ ከእንግዲህ አያስፈልገኝም ብላ።

እትዬ ኤልዳና የመጣችው ነጠላዋን አዘቅዝቃ ነው። ሌሎቹም ጎረቤቶች ተከታትለው ገቡ፤ አንገታቸውን ደፍተው «እግዜር ያጽናሽ» እያሉ ተቀመጡ፣ ስመኝ እዚያው መሃላቸው ዳቦ እየበላች። ባዶውን የማዕከሉን ቦታ አስካለ አግኝታዋለች። ሶልያና እትዬ ኤልዳናን ወደ ጓዳ ጠርታ እዚያ ልጅቷን ምን እንደሚያደርጓት አንድ በአንድ ነገረቻት፤ በልመና ነገረቻት። እትዬ ኤልዳና «ቅናት ክፉ ነው እህቴ» ብላ እጇን ዳበሰቻት። መስከረም አምስት ቀን አውቶቡስ መጣ፤ አስካለ ዓይኗን ሳትጨፍን ገባች። ሶልያና በመስኮት አይታ ጥርሷን ነከሰች። የእሷ ልጅ ተርፋለች፤ ምስማር ላይ ያፈጠጠው ሰፈር ግን ለማን ይነገር?

ስመኝ ከመጸዳጃው ጀርባ ቆርቆሮ ክፍል ገባች። እዚያ መስታወት የለም፣ ሰሌዳ የለም፣ የሚለካ የለም። ያለው አንድ መምህርና ጠመኔ ነው። ሰውየው ሌላ የሚያደርገው ስለሌለው ያስተምራል፤ በሕግ የተከለከለውን ጥያቄ ቀኑን ሙሉ ይጠይቃል። እንክብሉ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አስመለሳት፣ እንቅልፍም አበዛባት፤ ሶልያና መጠኑ እስኪስተካከል ሁለት ጊዜ ሳሪስ ተመላለሰች። ሰማንያው ሠላሳ ሆነ። ሠላሳው አምስት ሆነ። ጥቅምት ሲያልቅ ሶልያና አንድ ሙሉ ሳምንት ጠብቃ አንዲትም አላየችም። ሰባት በሦስት ሃያ አንድ ነው። ስመኝ ራሷ መጥታ ነገረቻት፤ በር ሳትዘጋ፣ ጫማ ሳታወልቅ።

ኅዳር ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ስመኝ ገበያ ውስጥ የሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች። አገጯ ላይ ያለው ጠባሳ ነጭ ሆኗል። ሶልያና ከአንድ ገዢ ጋር እየተጨቃጨቀች ነው።

«እማ፣ እንቆቅልሽ።»

ሶልያና ጭቅጭቁን ተወችው። «ምን አውቅልሽ።»

«ልብሷን ባወልቅላት...» አለች ስመኝ።

ሶልያና ሳታውቀው በሆዷ መቁጠር ጀመረች። አንድ።

«...አስለቀሰችኝ!»

ተሸካሚዎቹ ዞር አሉ። ገዢው ሳቀ። ላፍቶ ውስጥ፣ ምናልባትም አገሩ ሁሉ ውስጥ፣ ሽንኩርት በማወቅ ሶልያናን የሚያክል የለም፤ በዙሪያዋ ደግሞ አርባ ኩንታል ተቆልሏል። ሶልያና ጆንያውን አየች፣ ጣሪያውን አየች፣ ግንባሯን አከከች።

«አላወቅኩም» አለች።

«አስቢ እንጂ!»

«አቃተኝ አልኩሽ።»

«እሺ፣ አገር ስጪኝ!»

«የእርጋታ ቢሮን ከነአቶ ያፌቱ ሰጠሁሽ።»

ስመኝ አፍንጫዋን ነፋች። «እሱን ምን ላድርገው? ደህና አገር ስጪኝ።»

«በይ ላፍቶን ውሰጂ፤ ከነገበያው።»

ልጅቷ ጆንያው ላይ ቆመች፣ ወገቧን ያዘች፣ አገር የተቀበለ ልጅ እንደሚያደርገው ያልቻለውን መስደብ ጀመረች። «ላፍቶ ገብቼ፣ ላፍቶን ገዝቼ፣ አንዲት ደላላ አገኘሁ፤ ሽንኩርት ትሸጣለች፣ ሽንኩርት ታሸታለች፣ ሽንኩርት ግን አታውቅም...» እያለች ቀጠለች። ከዚያ ወደ ሻሿ ሄደች፣ ከሻሿ ወደ ጫማዋ፣ ከጫማዋ ወደ አፏ፣ ከአፏ ወደ ባሏ እንቅልፍ። ትንፋሽ የምትወስደው ለስድብ ብቻ ነው። ገበያው ሥራ ፈትቶ ይሰማል። ሶልያና ቆማ ትሰደባለች፤ እንባዋ ይወርዳል፣ በሽንኩርቱም አላመካኘችም። አሥራ አራት አለፈ። ሠላሳ አለፈ። ስድሳ ላይ ስትደርስ መቁጠሩን ተወችው፤ ልጅቷ ገና ስድቧን አልጨረሰችም።